ትብለጽ የሮጠችበት ዒድ

ዑስማን የደወለልኝ እዚህ ገዳሪፍ፣ የምሠራበት ምግብ ቤት ጓሮ ተቀምጬ ምስር ስለቅም ነው። ዑስማን ካርቱም፣ ጀብራ በምንኖርበት ጊዜ የሰፈራችን ባለ ሱቅ ነበር። ውጊያው ከከተማዋ ሲርቅ ቤቱ ምን እንደሆነ ሊያይ ተመልሶ ገብቷል። ያን ቀን እንደ ልማዱ ጤናውን፣ ሥራውን፣ ቤተሰቡን እያለ ሰላምታውን አላረዘመም። ሱዳናዊ ሰላምታ ካሳጠረ ደህና ነገር አይደለም።

«ሰዓዳ፣ አልበረካ ፊኩም» አለኝ። ለቅሶ ቤት ሲገቡ የሚሉት ነው።

«ማን ሞተ?»

«ጠይባ።»

ጠይባ ማለት ትብለጽ ናት። የቤት አከራያችን ሐጃ ነፊሳ ስሟ አፋቸው ላይ አልገባ ስላላቸው ገና በመጣች ሰሞን ጠይባ አሏት፤ ደጊቱ እንደማለት ነው። ሰፈሩም በዚያው ቀጠለ። ዑስማን ከጎረቤቶች የሰማውን ነገረኝ። ትኩሳት ይዟት ነበር። በዚያ በኩል ሐኪም ቤት የሚባል ነገር አልቀረም። ጎረቤቶቿ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየሩ ግንባሯ ላይ ሲያደርጉላት ቆዩ፤ አልሆነም። ወደ መቃብር ስፍራ መውጣት ስለማይቻል እዚያው ግቢ ውስጥ ቀበሯት፤ ከሐጃ ነፊሳ ጎን።

«አፈሩን አየሁት። ዙሪያውን ድንጋይ ደርድረውለታል» አለኝ።

ስልኩን ዘግቼ ምስሬን መልቀም ቀጠልኩ። ምን ላድርግ? እዚህ ትብለጽን የሚያውቅ ሰው የለም። ተነስቼ ለማን እነግራለሁ?

ወደ ሐጃ ግቢ የመጣችው ካርቱም ገና ሰላም ሳለች ነው። እኔ ሱዳን ከገባሁ ብዙ ዓመቴ ነበር። ዐማራት በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር የአንድ ቤተሰብ ቪላ አጸዳለሁ፣ አበስላለሁ፣ ማታ ማታ ጀብራ እገባለሁ። የሐጃ ግቢ ሰፊ ነው። መሐሉ ላይ የኒም ዛፍ አለ፤ ከዛፉ ሥር የሐጃ ዐንገረብ፣ ያ በገመድ የተጠለፈው አልጋቸው ይቀመጣል፤ ከበስተጀርባ ሁለት የሚከራዩ ክፍሎች አሉ። አንዱ የእኔ ነበር። ሌላው ውስጥ ደላላ አንዲት ረጅም፣ ቀጭን፣ ጉንጯ የጎደጎደ ሴት አምጥቶ አስገባ።

«የሀገርሽ ልጅ ናት» አለኝ።

አፏን ስትከፍት ከየት እንደሆነች አወቅሁ። ትግራይ። እኔ የወልድያ ልጅ ነኝ። በዚያ በሰሜኑ ጦርነት ታናሽ ወንድሜን ሰይድን ካጣሁ ዓመት አልሞላኝም ነበር። ከባድ መሣሪያ ነው ቤቱ ድረስ መጥቶ ያገኘው። ማን እንደተኮሰው በርግጥ የሚያውቅ የለም፤ ያዘነ ሰው ግን የሚጠላው ሰው አያጣም። እኔና እሷ ለብዙ ሳምንት ከ«እንደምን አደርሽ» ሌላ ቃል አልተለዋወጥንም። ሐጃ ሁለታችንን በየተራ እያዩ ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር።

አንድ ዓርብ ከውኃው ቧንቧ ሥር ተቀምጠን ልብስ ስናጥብ አናገረችኝ።

«ከየት ነሽ?»

«ከወልድያ።»

እጇ ሳሙናው ላይ ቆመ። «ሰው ሞቶብሻል?»

«ወንድሜ።»

«ስሙ ማን ነበር?»

«ሰይድ።»

«አላህ ይዘንለት» አለች። አንገቷ ላይ ማዕተብ አለ፤ ሆኖም ለሰይድ በራሱ ቋንቋ ነው የጸለየችለት። ከዚያ ልብሷን ማሸት ያዘች።

ይህ ምን እንደሆነ የሚገባው በዚያ ጊዜ የኖረ ሰው ነው። አንዱ «ሰው ሞቶብኛል» ሲል ሌላው ወዲያው «የእኔስ?» ይል ነበር። ሙት በሙት ላይ እየደረደርን እንበላለጥ ነበር። ትብለጽ የራሷን አላወጣችም። ባለማውጣቷ ምንም ያልደረሰባት መስሎኝ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ አንድ ድስት ጣድን።

አካሄዷ ያናድደኝ ነበር። እሷም ዐማራት ውስጥ የልብስ እጥበትና መተኮሻ ቤት ስለምትሠራ ጠዋት አብረን ነው የምንወጣው። አውቶቡሱ እየተንቀሳቀሰ፣ ረዳቱ «ያላ! ያላ!» እያለ በሩን ሲደበድብ እኔ ነጠላ ጫማዬን በእጄ ይዤ እሮጣለሁ። እሷ እንዲያ እግሯ ረዝሞ አንድም ጊዜ አልሮጠችም። ጭንቅላቷ ላይ ውኃ የሞላ ገንቦ ያለ ይመስል ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ ነው የምትራመደው።

«ኧረ ፍጠኚ!» ስላት፣

«ሌላ ይመጣል» ትለኛለች።

አንድ ቀን ከሥራ ስንወጣ ከሻ መጣ። ከሻ የምንለው የፖሊስ አፈሳ ነው፤ መኖሪያ ወረቀት የሌለውን ሐበሻ እየለቀሙ መኪና ላይ ይጭናሉ። ማቆሚያው ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ተበተነ። እኔም ሮጥኩ፤ ጥግ ሳልደርስ ያዙኝ። መኪናው ላይ ሆኜ ሳይ ትብለጽ መንገድ ዳር ሻይ ከምትሸጠው ሴት አጠገብ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሻይ ትጠጣለች። ፖሊሶቹ ሯጭ ሲያሳድዱ አጠገቧ አልፈው ሄደዋል፣ ዞር ብለውም አላዩዋትም። እሰይ፣ እሷ እንኳን ተረፈች አልኩ በልቤ። ብርጭቆውን አስቀመጠች፤ ተነስታ ቀስ እያለች መጣችና አለቃቸው ፊት ቆመች።

«እኔም ወረቀት የለኝም» አለችው በተሰባበረ ዐረብኛ። «ከእሷ ጋር ነኝ።»

ሰውየው መጀመሪያ ሳቀ። ቀጥሎ ጫናት።

«ምን ነካሽ?» ብዬ ጮህኩባት።

«ብቻሽን ስትሄጂ ቆሜ ማየት አልችልም» አለች።

በማግሥቱ ያስወጡን ሐጃ ነፊሳ ናቸው። ያንን ያበጠ እግራቸውን ይዘው በሪክሻ፣ በባጃጅ ማለት ነው፣ መጡ። ጣቢያው በር ላይ ሆነው «ልጆቼን አምጡ!» ብለው የጮኹት ጩኸት እስከ ጓሮ ተሰማ። መኮንኑ እናቱ የመጣችበት ይመስል ተነስቶ ቆመ። ስንወጣ ትብለጽ ጎንበስ ብላ የሐጃን ጉልበት ሳመች። ሐጃ ደነገጡ፤ እንዲህ ያለ ሰላምታ አያውቁም። ወዲያው እሳቸውም ራሷን ሳሟት።

ማን እንደሆነች ያወቅሁት ዴይም በሚባለው የሐበሾች ሰፈር ምሳ ስንበላ ነው። አስተናጋጁ ሳህኑን አስቀምጦ አፍጥጦ አያት።

«አንቺ... አስር ሺህ ሜትር! ኦሎምፒክ! ያቺ ፊት ፊት ስትመራ የነበረችው አይደለሽም?»

«አይደለሁም» አለችው ፈገግ ብላ። «ትመስያታለሽ ይሉኛል።»

ልጁ አፍሮ ሄደ። ወደ ቤት ስንመለስ አውቶቡስ ውስጥ መስኮት መስኮቱን እያየች፣ «እኔ ነኝ» አለችኝ።

«ምኑ?»

«የሮጥኩት።»

ሜዳሊያ አላገኘችም። ሥራዋ ፊት ሆኖ ማፍጠን ነበር፤ የሌላ ሀገር ሯጮችን ታደክማለች፣ ከዚያ የቡድን ጓደኞቿ ወጥተው ያሸንፋሉ። እሷ ስትጨርስ ካሜራው ሁሉ አሸናፊዋ ጋ ነው። «እናቴ ስጨርስ ቴሌቪዥኑ ላይ ሳታየኝ ቀረች፤ አቋርጣ የወጣች መስሏት ስታለቅስ ዋለች» ብላ ሳቀች። ስቃ ስትጨርስ ለማንም እንዳልናገር አስማለችኝ። ለምን መሮጥ እንደተወች ጠየቅኋት። «ጦርነት መጣ» አለች። ጦርነት የመጣበት ሁሉ ሩጫ አይተውም አልኳት፤ መውረጃችን ደርሷል ብላ ተነሳች።

የካርቱሙ ጦርነት የጀመረው በረመዳን፣ ቅዳሜ ጠዋት ነው። የጾሙን የሌሊት ምግብ፣ ሱሑር በልቼ ተመልሼ ተኝቼ ነበር። ተኩሱ የመጣው ስፖርት ከተማ ከሚባለው ቦታ በኩል ነው፤ ከሰፈራችን ሩቅ አይደለም። በእንቅልፍ ልቤ የሠርግ ተኩስ መሰለኝ። ትብለጽ ሳታንኳኳ ገብታ እኔ እላዩ ላይ እንደተኛሁ ፍራሹን ጎትታ ከመስኮቱ አራቀችው።

«ከባድ መሣሪያ ነው» አለችኝ። ድምፁን ለይታ ታውቀዋለች።

ከዚያ በኋላ ያ ግቢ ዓለማችን ሆነ። መብራት ሄደ፤ ውኃ ሄደ። የዐማራት አሠሪዎቼ ከከተማ እየወጡ ሳለ ደውለው «ቁልፉን ደህና አድርገሽ ያዢ» ብለውኝ ስልካቸው ጠፋ። የሐጃ ልጅ ከጅዳ እየደወለ ያለቅስ ነበር፤ የእኛም ስልክ ሞተ፤ እሱም ቀረ። ቀን ቀን ከዛፉ ሥር መቀመጥ ስለማይቻል ሦስታችንም መስኮት በሌለው መተላለፊያ ውስጥ ነው የምንውለው። ሙቀቱ ሰው ይጨርሳል። ግድግዳው ሲንቀጠቀጥ አቧራ ይራገፍብናል። ሐጃ ቁርኣናቸውን በቃላቸው ያነበንባሉ። እኔ ጣሪያውን አያለሁ። በሩ እዚያው ነው፤ ከፍቶ መውጣት ይቻላል፤ ግን ከበሩ ማዶ ያለው መንገድ የእኛ መሆኑ ቀርቷል። እስር ቤት እንኳ ቢሆን ማን እንዳሰረህ ታውቃለህ።

«መቼ ነው የሚያልቀው?» እላታለሁ በየሰዓቱ።

«ደወሉ ገና አልተደወለም» ትለኛለች። የረጅም ርቀት ሯጭ የመጨረሻው ዙር ሲቀረው ደወል ይደወልለታል አሉ። «እስከዚያ ትንፋሽሽን ያዢ። ለሚተኩሱት አትስጪያቸው።»

ዑስማን የተመታው በዚያ ሰሞን ነው። ሱቁ ከእኛ በር ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ ነው። ጸጥ ሲል ጥቂት ይከፍታል፤ ለሐጃ ስኳርና ዱቄት ያቀብላል። ያን ቀን በድንገት ተኩስ ተነሳ። መስቀለኛው መንገድ ላይ ፒክአፕ መኪና ያቆሙ ታጣቂዎች ነበሩ። ዑስማን ሱቁን ጥሎ ወደ ቤቱ ሮጠ፤ መሐል መንገድ ላይ ጭኑን መቱት። በብረት በሩ ስንጥቅ እናየዋለን። ይጣራል። የሚወጣለት ሰው የለም፤ ሁሉም በየበሩ ስንጥቅ ቆሞ ያየዋል።

ትብለጽ የሐጃን ነጭ ቶብ አንስታ እንደ ሱዳን ሴት ተከናነበች።

«የት ልትሄጂ ነው?» አልኳት።

«አትጩኺ። በሩን ክፍት አድርገሽ ያዢው» አለችኝ።

ሁለት እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ወጣች። ያንኑ የሚያናድደኝን እርምጃ ነው የምትራመደው፤ ቀጥ ብላ፣ ቀስ ብላ። ከፒክአፑ ላይ አንዱ መሣሪያውን ወደ እሷ አዙሮ ጮኸባት። እሷም ሳትቆም፣ «አኹይ ዳ!» አለችው፤ ወንድሜ ነው ማለቷ ነው። ዑስማን ጋ ደረሰች። በብብቱ ሥር እጇን አስገባችና ወደ ኋላ እየተራመደች ጎተተችው። ደሙ መንገዱ ላይ እየተሰመረ ይመጣል። ሩጪ፣ ሩጪ እላለሁ በልቤ፤ ከንፈሬን ነክሼ አደማሁት። አልሮጠችም። ታጣቂው አልተኮሰም። ለምን እንዳልተኮሰ እስከ ዛሬ አላውቅም። በሩን ገፍቼ ዘጋሁት፤ መቀርቀሪያውን ሐጃ ናቸው የወረወሩት።

ጭኑን በዚያው ቶብ አሰርነው። በማግሥቱ ወንድሙ በአህያ ጋሪ ጭኖ ወሰደው። ዑስማን ዛሬ ያነክሳል፤ ግን አለ።

ጋሪው ከሄደ በኋላ ሐጃ ትብለጽን አስቀምጠው ጠየቋት። «አንቺ ልጅ፣ እንዴት ልብሽ ቻለ? እኔ ብሆን እሮጥ ነበር።»

«የሚሮጥ ሰው ነው የሚመቱት፣ ሐጃ።»

ያኔ እኔ መሐላዬን አፈረስኩ። «ሐጃ፣ ይህች እኮ በዓለም ፊት የሮጠች ናት! ሀገሯ መርጣ የላከቻት ሯጭ ናት!»

ሐጃ አላመኑም። «ሴት ልጅ? በዓለም ፊት?»

«ወላሂ።»

ትብለጽን አገላብጠው አዩዋት። «አሳዪኝ» አሉ። ትብለጽ ፊቷን አዞረች። «አልችልም ሐጃ። ትቼዋለሁ።» ሐጃ አልተጫኗትም።

ዒድ እዚያው እንደተዘጋብን መጣ። ሌላ ጊዜ በዒድ የሐጃ ግቢ መቆሚያ የለውም፤ ዘመድ፣ ጎረቤት፣ አዲስ ልብስ የለበሰ ልጅ፣ ብስኩቱ፣ ሽቶው። ያን ቀን ማንም አልመጣም። ሐጃ ጠዋት ሰግደው፣ ካላቸው ልብስ ሁሉ ደህናውን ለብሰው፣ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው በሩን ሲያዩ ዋሉ። ተኩሱ ራቅ ብሏል። ደግፈን አውጥተን ከኒሙ ሥር ዐንገረባቸው ላይ አስቀመጥናቸው። የዒድ ምግባችን ዑስማን ካቀበለን ዱቄት የተጋገረ ደረቅ ቂጣ ነበር።

«ማንም አልመጣም» አሉ ሐጃ። ቅሬታ አይደለም፤ እንዲሁ የሆነውን መናገራቸው ነው።

ትብለጽ ተነሳች። ነጠላ ጫማዋን አውልቃ ግድግዳው ሥር አስቀመጠች። ቀሚሷን ጉልበቷ ላይ ቋጠረች። እኔ ምን ልታደርግ እንደሆነ አልገባኝም። ዛፉን መዞር ጀመረች፤ መጀመሪያ በሶምሶማ፣ ከዚያ እየጨመረች።

ሰው እንዲህ ሲሮጥ በቅርብ አይቼ አላውቅም ነበር። እግሯ መሬት የሚነካ አይመስልም፤ ድምፅ የለውም፤ አቧራው ብቻ ነው የሚነሳው። ትከሻዋ አይነቃነቅም። ግቢው ጠበባት፤ ጥጉ ላይ ስትደርስ ግድግዳውን ልትጥሰው ነው እላለሁ፣ ዘንበል ብላ ትጠመዘዛለች። ያ ሁልጊዜ የደከመው ፊቷ ተፈትቶ የሌላ ሰው ፊት ሆነ፤ የልጅ ፊት። ከሩቅ መድፍ ይሰማል። ሐጃ እልል አሉ። ያበጠ እግራቸውን እየወዘወዙ ያጨበጭባሉ፤ «ያላ ያ ጠይባ! ያላ ያ ቢቲ!» ይላሉ፤ በርቺ ልጄ ማለታቸው ነው። እኔም ምን እንደሆንኩ አላውቅም፣ እየሳቅሁ አለቅስ ነበር።

ቆመች። መዳፏን ግድግዳው ላይ አድርጋ ጎንበስ አለች። ትንፋሽ የምትሰበስብ መስሎኝ ነበር። ስጠጋት እያለቀሰች ነው።

«ፊት ነበርኩ ሰዓዳ» አለችኝ። «ሁልጊዜ ፊት ነበርኩ።»

ያኔ ነው የነገረችኝ። እግሯን ተጎድታ ለማገገም ከሱዳን ድንበር ወደማይርቀው የቆላ ከተማ፣ ወደ ወላጆቿ ቤት ገብታ ነበር። እናትና አባቷ ወደ መቀሌ ለሠርግ ሄደዋል። እሷና ታናሽ እህቷ አዜብ ብቻ ነበሩ። ከባድ መሣሪያ ከተማው ላይ ሲወድቅ ከሰው ጋር ወጡ።

«እጇን ይዤ ነበር። አጠገባችን ሲወድቅ... እግሬ ሄደ። ልሩጥ አላልኩም። እግሬ ራሱ ነው የሄደው፤ ለዚያ ነው ስንት ዓመት ያስተማሩት። ሳምባዬ ሲቃጠል ነው የቆምኩት። ዞር ስል ማንም የለም። ሜዳው ባዶ ነው። ሰው ሁሉ ሩቅ፣ በጣም ሩቅ ቀርቷል።»

«አልተመለስሽም?»

«ተመለስኩ። መንገዱ ተዘግቷል፤ የሚሸሸው ሰው ሁሉ እየገፋ ይዞኝ ሄደ። የድንበሩን ወንዝ ከእነሱ ጋር ተሻገርኩ። ሱዳን በኩል፣ የስደተኛ መጠለያው ውስጥ በየድንኳኑ ጠየቅሁ። አዜብን አይቻታለሁ ያለኝ የለም።»

ሞታ ይሆናል ልል አፌን ስከፍት ቀደመችኝ።

«ሞታለች ያለኝም የለም» አለች። «ስለዚህ አላለቅስላትም።»

ሐጃ አማርኛ አያውቁም። የሰሙት ነገር የለም። ግን በእጃቸው ጠሯት፤ ሄዳ መሬት ላይ ተቀመጠች። ራሷን ጭናቸው ላይ አድርገው ላቧን በቶባቸው ጫፍ ይጠርጉላት ጀመር። «እስከ ዛሬ እንዲህ ያለ ዒድ አልዋልኩም» ይሏታል። «ወላሂ አልዋልኩም።»

ከዒድ በኋላ ከተማዋ እየባሰባት ሄደ። ከደቡብ ጫፍ፣ ከገበያው ማዶ፣ ወደ ገዳሪፍ የሚወጣ አውቶቡስ አለ የሚል ወሬ መጣ። ሰፈር ውስጥ የነበሩ ሐበሾች በጠዋት በእግር እንወጣለን ብለው ተማከሩ። ሐጃ መራመድ አይችሉም፤ ቢችሉም አይወጡም። «ባሌ የሠራው ቤት ነው። እኔ ከዚህ የምወጣው በሰው ትከሻ ነው» አሉ። እኛን ግን ሂዱ፣ ሂዱ እያሉ ያባርሩናል።

ልብሴን ስቋጥር ትብለጽ የሐጃን እግር እያሸች ነበር።

«ያንቺስ?» አልኳት።

«እኔ እዚህ ነኝ።»

«ትብለጽ፣ ትሞቻለሽ እኮ! እሳቸውም ሂጂ ብለውሻል። ጎረቤት አለ፣ ሀገራቸው ነው።»

«ጎረቤቱም እየወጣ ነው።»

«ታዲያ አንቺ ብትቀሪ ምን ታመጫለሽ?»

እጇን ሳታቆም፣ «አንዴ ፊት ሆኜ ወጥቻለሁ» አለችኝ። «ሁለተኛ ዞር ብዬ ባዶ ሜዳ ማየት አልፈልግም። ይልቅ አንቺ ሂጂ። ሂጂልኝ፣ አንቺ እንኳ መድረስሽን ልስማ።»

እስከ በሩ ሸኘችኝ። ሌሎቹ ጥግ ላይ ይጠብቁኛል። ነጠላዬን አስተካከለችልኝ።

«ቀስ በይ» አለችኝ። «በአፍንጫሽ ሳቢ፣ በአፍሽ አውጪ። ቁሚ ካሉሽ ቁሚ። ምንም ቢሰማሽ እንዳትሮጪ።»

አቅፌያት መልቀቅ አቃተኝ። እሷ ናት ገፋ ያደረገችኝ። በየኬላው ሳልፍ እግሬ በራሱ ሊሄድ ይዳዳዋል። እንዳለችኝ ሄድኩ። አንድ ቦታ ላይ ከኋላችን ተተኮሰ፤ ሁለት ሴቶች ሮጡ፤ እኔ ቆምኩ። እንዴት እንዳለፍን መናገር አልፈልግም። ገዳሪፍ ገባሁ።

ከወራት በኋላ የስልክ መረብ ሲመለስ የድምፅ መልእክቷ ደረሰኝ። ሐጃ ሞተዋል። በጥይት አይደለም፤ ተኝተው፣ እጃቸው እጇ ውስጥ ሆኖ ነው። ጎረቤቶች ጸልየው ግቢው ውስጥ ቀበሯቸው። እኔ ስልኩ ላይ ጮህኩባት፤ በቃ፣ አሁንስ ምን ቀረሽ፣ ውጪ! አልኳት። መልሷ ብዙ ቆይቶ መጣ። እኔ የወጣሁበት መንገድ ተዘግቷል። ሌላም ነገር አለ። መስጊዱ አጠገብ ለሰፈሩ በነፃ የሚያበስሉበት ድስት አለ፤ እሷ ከዚያ እየቀዳች መራመድ ለማይችሉ ቤት ለቤት ታደርሳለች።

«የሚጠብቁኝ ሰዎች አሉ» ትላለች በድምፁ ውስጥ። ድምፅዋ ቀጥኗል። «አሮጊቶች ናቸው፤ ካልደረስኩ የሚያደርስላቸው የለም። አንቺ ግን እየበላሽ ነው?»

ከዚያ በኋላ መረቡ ጠፋ። ዑስማን እስኪደውል ድረስ ሌላ አልሰማሁም።

ከደወለልኝ በኋላ በነበረው እሑድ እዚህ ወዳለው የሐበሻ ቤተ ክርስቲያን ሄድኩ። ቅጥሩ ውስጥ ገብቼ አላውቅም። ሒጃቤን አስተካክዬ በሩ አጠገብ ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆምኩ። ሰዎች እያዩኝ ያልፋሉ፤ አንዷ ሴትዮ ሰው የጠፋኝ መስሏት ማንን እንደምፈልግ ጠየቀችኝ። ቄሱን አልኳት። ቄሱ ሽማግሌ ናቸው፤ በትራቸውን ተደግፈው መጡ።

«አባ» አልኳቸው፣ «ጸሎት እንዲደረግላት የምፈልግ ሰው አለችኝ። የእናንተ ሰው ናት። ካርቱም ነው የሞተችው። ሲቀብሯት ቄስ አልነበረም።»

«ነፍሷን ይማር፣ ልጄ። ክርስትና ስሟ ማን ነው?»

አንድ ድስት በልተናል፤ አንድ መተላለፊያ ውስጥ ተኝተን አቧራ ተራግፎብናል፤ ክርስትና ስሟን አላውቅም። ጠይቄያትም አላውቅም።

«ትብለጽ ነው የማውቀው፣ አባ። ሌላ ስም አላውቅላትም።»

«ክርስትና ስሟን የሚነግረን ዘመድ የላትም?»

«እናትና አባቷ ሀገር ቤት ናቸው፤ አድራሻቸውን አላውቅም። እህትም አለቻት። አዜብ ትባላለች። እሷ... በጦርነቱ ነው የተለያዩት።»

«በትብለጽ እጠራታለሁ» አሉ። «እሱ ያውቃታል።» ዓይናቸውን ከመሬቱ አንስተው ደግሞ ጠየቁኝ። «እህቲቱንስ ከማን ጋር ልጥራት፣ ልጄ? ከሕያዋን ነው ወይስ ከሙታን?»

ስንት ዓመት ሆነው። አይቻታለሁ ያለ የለም። ሞታለች ያለም የለም። ቄሱ ሳይቸኩሉ ይጠብቁኛል።

«ከሕያዋን ጋር» አልኩ። ድምፄ ከፍ ብሎ ወጣ መሰለኝ፣ በሩ ላይ ሻማ የሚሸጡት ሴት ዞር ብለው አዩኝ።

«ከሕያዋን ጋር ይጥሩልኝ፣ አባ።»